ሞተረኛው ለምን ይሮጣል? ሰዓቱ የሚጠፋው ሌላ ቦታ፣ የሚካካሰው አስፋልት ላይ

የሞተር አደጋ በደረሰ ቁጥር፣ ስለ ትራፊክ ስብሰባ በተጠራ ቁጥር፣ መጨረሻ ላይ ሳትቀር የምትመጣ ነገር አለች፣ ሞተረኞቻችን ግንዛቤ ይጎድላቸዋል የምትል። ከዛ ስልጠና ይዘጋጃል፣ ባነር ይሰቀላል፣ ውሃና ኩኪስ ይታደላል፣ ፎቶ ይነሳል፣ በነጋታው ያው ልጅ በዛው ሞተር ሜክሲኮ ላይ በሁለት ሀይገር መሀል ሲሾልክ ታዩታላችሁ። ሰልጥኖም ያው ከሆነ ወይ ስልጠናውን ውሃ በልቶታል ወይ ደሞ ችግሩ ከመጀመሪያውም ሌላ ቦታ ነው። እኔ ሁለተኛው ነው ባይ ነኝ።

እስኪ ምሳ ሰዓት ላይ ቦሌ መድሃኔዓለም አካባቢ ወይም ኦሎምፒያ ጋር ሬስቶራንት በር ላይ ትዕዛዝ የሚጠብቁትን ልጆች ጠይቁ። ሄልሜት ለምን እንደሚደረግ፣ ዜብራ ላይ ለማን ቅድሚያ እንደሚሰጥ፣ በቀኝ መቅደም ክልክል እንደሆነ፣ ስልክ እያወሩ መንዳት ምን እንደሚያመጣ ከእናንተ አሳምረው ይነግሯችኋል። እንዴት አይነግሯችሁ፣ ቀኑን ሙሉ መንገድ ላይ ናቸው፣ የወደቀ ጓደኛ የሌለው ሞተረኛ ማግኘት ራሱ ከባድ ነው። ስለዚህ አደጋውን ያውቁታል። የሚሰብሩትም ህግ እንዳለ እያወቁ ነው የሚሰብሩት፣ እና አንድ ሰው እያወቀ የሚያደርገውን ነገር እንደማያውቅ ሰው ደጋግሞ ማስተማር ጉንጭ ማልፋት ነው።

ትንሽ ወደ ኋላ ልመለስ፣ ምክንያቱም ይሄ ስራ አሁን ያለውን መልክ የያዘው በሁለት አጋጣሚ ነው። አንደኛው በሞተር የሚፈፀም ቅሚያና ዝርፊያ በዛ ተብሎ የከተማው አስተዳደር ከሰኔ 30 ቀን 2011 ጀምሮ ከተፈቀደላቸው ውጪ ሞተር ሳይክል ከተማ ውስጥ እንዳይንቀሳቀስ የከለከለው ጊዜ ነው። ያኔ የብዙ ልጅ እንጀራ በአንድ ቀን ቆመ። ከዛ በኋላ ስራው ሲመለስ በማህበር ተደራጁ፣ ተመዝገቡ፣ ጂፒኤስ አስገጥሙ እየተባለ ነው የተመለሰው። ሁለተኛው ደሞ በ2012 የመጣው ኮሮና ነው፣ ሰው ቤቱ ሲቀመጥ ምግብም ዕቃም በስልክ ማዘዝ ተለመደ፣ እነ ዴሊቨር አዲስ ቀደም ብለው ጀምረውት ነበር፣ ኋላ እነ ቢዩ ዴሊቨሪ መጡበት፣ በቴሌግራም ጫማና ሽቶ የሚሸጠውም ሁሉ ሞተረኛ ፈላጊ ሆነ። አሁን ሞተረኛ ስንል ብዙ ዓይነት ነው፣ የምግብ አለ፣ ከመርካቶ የመኪና መለዋወጫ የሚያደርስ አለ፣ የቢሮ ደብዳቤ የሚያመላልስ አለ፣ ፈቃዱ ለዕቃና ለመልእክት ሆኖ ሳለ በጎን ሰው የሚጭንም አለ፣ ሁላችንም የቸኮልን ቀን ተፈናጠን እናውቃለን መቼም አንሸዋወድ።

እነዚህን ሁሉ አንድ የሚያደርጋቸው ክፍያው ነው። ደሞዝተኛው ጥቂት ነው፣ አብዛኛው የሚከፈለው በጉዞ ነው። ባደረሰው ልክ ነው የሚበላው። ሞተሩ የራሱ ካልሆነ ደሞ ለባለቤቱ የቀን ገቢ አለበት፣ ስለዚህ ጠዋት ሲነሳ ዜሮ ላይ አይደለም የሚጀምረው፣ ከዜሮ በታች ነው፣ መጀመሪያ የባለቤቱን ከዛ የቤንዚኑን ይሞላል፣ ወደ ኪሱ የምትገባው ከዛ በኋላ ያለችው ናት። ስለዚህ የቀኑ የመጨረሻ ሁለት ሶስት ጉዞዎች ናቸው ትርፉ። እነሱ ደሞ የሚመጡት ማታ ነው፣ ሰውነቱ ዝሎ፣ መብራት በደበዘዘበት ሰዓት።

አሁን ዋናው ነጥቤ ጋ ልምጣ። የአንድ ዴሊቨሪ ሰዓት ምን ላይ እንደሚያልቅ አስቡት። ሬስቶራንቱ አስር ደቂቃ ብሎ ሀያ አምስት ያስጠብቀዋል፣ ምክንያቱም ወጥ ቤቱ መጀመሪያ የሚያስተናግደው ወንበር ላይ የተቀመጠውን ነው። ከዛ ህንፃው ጋ ሲደርስ ጥበቃው ሞተር እዚህ አይቆምም ይለዋል፣ መታወቂያ ይይዝበታል፣ ሊፍቱ አይሰራም፣ አዛዡ ስልክ አያነሳም፣ ሲያነሳ ደሞ ሰባተኛ ፎቅ ነኝ ና ይለዋል። ቤንዚን ያለቀ ቀን ማደያው ጋ ያለውን ሰልፍ ጨምሩበት። ይሄ ሁሉ ደቂቃ የማይከፈልበት ነው። እና በማን ይካካሳል? ወጥ ቤቱን አያፈጥነውም፣ ጥበቃውን አያዘውም፣ ሊፍቱን አይጠግነውም። በእጁ ያለችው አንዲት ነገር የነዳጅ መስጫዋ ናት። የከተማው መዘግየት ሁሉ ተጠራቅሞ አስፋልት ላይ ነው የሚወራረደው።

የሚያሳዝነው ሂሳቡ ራሱ አለመምጣቱ ነው። ከቦሌ መድሃኔዓለም ሜክሲኮ በግምት 5 ኪሎ ሜትር እንበል። በአማካይ 40 ቢነዳ ሰባት ደቂቃ ተኩል ይፈጅበታል፣ በአማካይ 50 ቢነዳ 6 ደቂቃ። ለዛውም በመሀል ከተማ አማካይ 50 ማምጣት ማለት ቀይ መብራት ላይ አለመቆም ማለት ነው። ያተረፈው አንድ ደቂቃ ተኩል ነው። ሀያ አምስት ደቂቃ ሬስቶራንት በር ላይ ቆሞ የጠፋበትን በአንድ ደቂቃ ተኩል ሊያካክስ ነው ነፍሱን የሚያሲዘው። ግን ይሄን ቁጭ ብሎ ያሰላ ሞተረኛ የለም፣ እኛም ብንሆን አናሰላም፣ ምክንያቱም ሰው ሲፈጥን እየሰራ ያለ ይመስለዋል፣ ሲቆም ደሞ እየከሰረ ያለ። ስልጠና የሚሰጥ ሰው ካለ ፍጥነት ይገድላል ከሚል መፈክር ይልቅ ይቺን ስሌት ጥቁር ሰሌዳ ላይ ቢሰራላቸው ይሻላል።

በተቃራኒው የፍጥነቱ ዋጋ በጣም ከባድ ነው። የዓለም ጤና ድርጅት የሚለው አማካይ ፍጥነት በ1 በመቶ በጨመረ ቁጥር ሰው የሚሞትበት አደጋ የመድረስ ዕድሉ በ4 በመቶ ይጨምራል ነው። ከ40 ወደ 60 ስትወጣ ፍሬን ከያዝክ በኋላ እስክትቆም የምትሄደው ርቀት ከእጥፍ በላይ ይሆናል። የኮሪደር ልማቱ መንገዶች ደሞ አምረዋል፣ አስፋልቱ ለስልሷል፣ ከአራት ኪሎ በፒያሳ ዓድዋ ሙዚየም ያለውን ወይም ከሜክሲኮ ሳርቤት ያለውን ሌሊት ላይ የሄደበት ያውቀዋል። ድሮ ጉድጓዱ ራሱ ፍጥነት ይገድብ ነበር፣ አሁን የሚገድበው የሹፌሩ ህሊና ብቻ ሆኗል በብዙ ቦታ።

ቀጥሎ ስልክ። እዚህ ላይ ሞተረኛው ብቻውን አይወቀስም፣ እኛም ሙሉ ድርሻ አለን። አዲስ አበባ ቤት በቁጥር የሚገኝባት ከተማ አይደለችም፣ አድራሻ ማለት ከቤተክርስቲያኑ ጀርባ፣ ከዳቦ ቤቱ ቀጥሎ፣ ሰማያዊ በር፣ እዛ ስትደርስ ደውልልኝ ማለት ነው። ያ ዳቦ ቤትም ቢሆን በ2016 ፒያሳ፣ በ2017 ደሞ ካዛንቺስ ሲፈርሱ አብሮ የሄደ ሊሆን ይችላል፣ የድሮውን ምልክት የሚጠራ ደንበኛና አዲሱን መንገድ ብቻ የሚያውቅ ልጅ በስልክ ሲጨቃጨቁ ነው ምግቡ የሚቀዘቅዘው። ስለዚህ ለሞተረኛ ስልክ መሪው ማለት ነው። ስልኩን መሪው ላይ አስሮ ካርታ ያያል፣ ወይ ሄልሜቱ ውስጥ ጆሮው ስር ወትፎ ያወራል፣ አዲስ ትዕዛዝ ሲመጣ ደሞ ቶሎ ካልነካው ለሌላ ይሄድበታል፣ ስለዚህ እየነዳ ነው አይኑን የሚያነሳው። እና እኛ በየአምስት ደቂቃው የት ደረስክ እንላለን። ልጁ ካላነሳ እንቆጣለን፣ ካነሳ ደሞ በአንድ እጁ እየነዳ ነው ማለት ነው።

በሰዓት 40 ኪሎ ሜትር የሚሄድ ሞተር በሰከንድ 11 ሜትር ይጓዛል። ሶስት ሰከንድ ስክሪን ካየ 33 ሜትር ያለ ዓይን ሄደ። መሀል ከተማ ውስጥ 33 ሜትር ማለት አንድ ሚኒባስ ድንገት ቆሞ፣ ወያላው በሩን ከፍቶ፣ ሶስት ሰው ወርዶ፣ አንዷ ሴትዮ መሻገር የጀመረችበት ርቀት ነው። የዓለም ጤና ድርጅት ሞባይል እየተጠቀመ የሚነዳ ሰው አደጋ ውስጥ የመግባት ዕድሉ ካልተጠቀመው በ4 እጥፍ ገደማ ይበልጣል ይላል፣ በሞተር ላይ ደሞ ሚዛንም አለ።

አፕ ያላቸው ድርጅቶች እዚህ ላይ ማድረግ የሚችሉት ብዙ ነገር አለ። ሞተሩ እየተንቀሳቀሰ እንደሆነ ስልኩ ያውቃል፣ እየሄደ እያለ አዲስ ትዕዛዝ አለማሳየት ይቻላል፣ ትዕዛዙን ለመቀበል የሚሰጠውን ጊዜ እስኪቆም ማራዘም ይቻላል፣ ለደንበኛው ደሞ ልጁ ያለበትን በካርታ በደንብ ማሳየትና ከመድረሱ በፊት የመደወያውን ቁልፍ መደበቅ ይቻላል። ይሄ የቴክኖሎጂ እጥረት አይደለም። ግን ቅሬታ ሲመጣ የሚመጣው ምግቡ ዘገየ ብሎ እንጂ ልጁ በጣም ፈጥኖ መጣ ብሎ አይደለም፣ ያንን ብሎ አንድ ኮከብ የሰጠ ደንበኛ ያለ አይመስለኝም።

ወደ ሄልሜት ስንመጣ ታሪኩ ትንሽ ይለያል። ህጉ ላይ አለ፣ ትራፊኩም ያየዋል፣ ስለዚህ መሀል ከተማ ላይ አብዛኛው ነጂ ጭንቅላቱ ላይ የሆነ ነገር አለ። የሆነ ነገር ያልኩት በምክንያት ነው። ማሰሪያው አገጭ ስር ያልታሰረ ሄልሜት ስትወድቅ ከአንተ በፊት መሬት ይደርሳል። ብዙዎቹ አያስሩትም፣ ምክንያቱም በቀን ብዙ ጊዜ ማውለቅና ማጥለቅ አለባቸው፣ ጥበቃው አውልቅ ይላል፣ ባንክ ስትገባ አውልቅ፣ ሱቅ ስትገባ አውልቅ። የግንባታ ሰራተኛ ቆብ አድርጎ የሚነዳም አይታችኋል። በደንብ የተሰራና በትክክል የታሰረ ሄልሜት የመሞት ዕድልን ከ6 እጥፍ በላይ፣ የአንጎል ጉዳትን ደሞ እስከ 74 በመቶ ይቀንሳል ነው የሚባለው፣ ይሄም የዓለም ጤና ድርጅት ቁጥር ነው፣ ግን ቁጥሩ ትራፊክ ለማሳየት ብቻ የተደረገውን አያካትትም።

እዚህ ጋ ነው እውነተኛ የእውቀት ክፍተት ያለው፣ እና ስልጠናዎቹ የሚዘሉት ይሄንኑ ነው። የሄልሜት ጥንካሬ ያለው ውጪው ላይ ብቻ አይደለም፣ ከውስጥ ያለችው ነጭ ፎም ናት ዋናዋ፣ ስትመታ ተጨፍልቃ ምቱን ትውጣለች፣ አንዴ ከተጨፈለቀች ደሞ አትመለስም። ስለዚህ አንዴ ከባድ ምት የቀመሰ ሄልሜት ውጪው ምንም ባይሆንም ስራውን ጨርሷል። ይሄን የሚያውቅ ሞተረኛ በጣም ጥቂት ነው፣ ከወደቀ በኋላ ጭረቱን ቀለም ቀብቶ ይቀጥላል፣ ወይም ለጀማሪ ልጅ በግማሽ ዋጋ ይሸጥለታል። የተጫጫረ መስታወትም አለ፣ ቀን ቀን ምንም አይደለም፣ ማታ ከፊት የሚመጣ መኪና መብራት ሲያርፍበት ግን ሁሉ ነገር ነጭ ይሆናል፣ ስለዚህ ወደ ላይ ከፍተውት ይነዳሉ፣ አቧራና ብናኝ ዓይናቸው ውስጥ ይገባል።

ከኋላ የሚፈናጠጠው ሰው ጋ ስንመጣ ባዶ ጭንቅላት ነው። ኪጋሊ የሄደ ሰው ያየዋል፣ እዛ ሞተር ታክሲው ሁለተኛ ሄልሜት ይዞ ነው የሚሄደው፣ ተሳፋሪ ሳያደርግ አይነሳም። እኛ ጋ ሰው መጫኑ ራሱ በድብቅ ስለሆነ ሁለተኛ ሄልሜት ይዞ መዞር ማለት ሰው እጭናለሁ ብሎ ማወጅ ነው፣ ስለዚህ አይዝም። ክልከላው ተሳፋሪውን ከሞተር አላወረደውም፣ ሄልሜቱን ብቻ ነው ያወረደበት። ይሄን ሳስበው ወይ በግልፅ ፈቅዶ መቆጣጠር ወይ በእውነት ማስቆም እንጂ አሁን ያለንበት መሀል ሰፈር ከሁሉም የከፋው ይመስለኛል።

ሌላው የማይነገራቸው ነገር ፍሬን ነው። የሞተር የማቆም አቅም ትልቁ ድርሻ ፊት ጎማ ላይ ነው፣ ፍሬን ሲያዝ ክብደቱ ሁሉ ወደ ፊት ስለሚሄድ የኋላው ይቀልላል፣ ቀለለ ማለት ደሞ አይይዝም፣ ይንሸራተታል። ልጆቹ ግን አብዛኛዎቹ የፊቱን ይፈሩታል፣ የፊቱን ከያዝክ ይገለብጥሃል የሚል ወሬ ከአንዱ ወደ አንዱ ይተላለፋል፣ ስለዚህ በእግራቸው የኋላውን ብቻ ይረግጣሉ። በደረቅ አስፋልት ላይ የኋላውን ብቻ የያዘ ሰው ሁለቱንም በስርዓት ከያዘው ሰው እጥፍ ገደማ ርቀት ሄዶ ነው የሚቆመው። በቸርችል ቁልቁለት ከፒያሳ ወደ ለገሀር ስትወርድ ይሄ ልዩነት ትንሽ አይደለም። ይገለብጥሃል የሚለው ወሬም ከየት እንደመጣ ግልፅ ነው፣ በድንጋጤ በአንዴ ጭምቅ ካደረግከው፣ ወይ መሪው ዞሮ ባለበት ወይ እርጥብ ቀለም ላይ ሆነህ ከያዝከው በእርግጥ ይጥልሃል፣ ቀስ ብሎ እየጨመሩ መጭመቅን ነው መልመድ ያለበት። ይሄን ደሞ በወሬና በፓወርፖይንት አይለምዱትም፣ ሜዳ ላይ ኮን ተደርድሮ ደጋግሞ በመያዝ ነው። መንጃ ፈቃድ ሲወጣ የሚታየው ግን ቀስ ብሎ እየሄደ ሚዛኑን መጠበቁ ነው እንጂ በ40 እየመጣ ድንገት ልጅ ቢገባበት ምን እንደሚያደርግ አይደለም።

ክረምት ሲመጣ ይሄ ሁሉ ይባባሳል። በተለይ ዝናቡ የጀመረባት የመጀመሪያዋ ሰዓት፣ አስፋልቱ ላይ የተጠራቀመው ዘይትና አቧራ ገና ሳይታጠብ ሳሙና ይሆናል፣ የዜብራው ቀለምና የጉድጓድ ክዳን ብረቶች ደሞ ከሁሉ ይብሳሉ። እና ትዕዛዝ የሚበዛው መቼ ነው? ዝናብ ሲዘንብ ነው። ማንም መውጣት በማይፈልግበት ሰዓት ነው ሁሉም የሚያዘው። ዳመናው ሲከብድ ዋጋ የሚጨምር አፕ ካለ ጥሩ፣ ግን ጭማሪው ልጁን ይበልጥ ያስሮጠዋል እንጂ ቀስ በል አይለውም።

ስለ ሞተረኛው ብቻ አወራሁ፣ እግረኛው ግን መረሳት የለበትም። አዲስ አበባ ውስጥ በመንገድ ላይ ከሚሞተው ሰው አብዛኛው እግረኛ ነው፣ ይሄ ለዓመታት ያልተቀየረ እውነት ነው። ሞተር ትንሽ ስለሆነ ከመኪና ያነሰ ይገድላል ብለን እናስባለን፣ ከክብደት አንፃር እውነት ነው፣ ግን ሞተር የሚመጣበት ቦታ ሌላ ነው። ዜብራ ላይ ታክሲው ቆሞልህ፣ ሁለተኛው መኪናም ቆሞልህ፣ አመስግነህ እየተሻገርክ በመሀላቸው ባለችው ክፍተት ሹልክ ብሎ የሚመጣው ሞተር ነው። የቆመው ሚኒባስ ከፍታ ስላለው አንተም አታየውም እሱም አያይህም። ስታዲየምና ለገሀር አካባቢ ሰው የሚሻገርባቸው ቦታዎች ላይ ይሄ የዘወትር ነገር ነው። ለሞተረኛው ደሞ የቆመ መኪና ማለት መጨናነቅ ማለት ነው፣ በቃ ቀኑን ሙሉ የቆሙ መኪኖችን ሲያልፍ ስለሚውል ይሄኛው ለእግረኛ የቆመ ነው ብሎ አያስብም። ይቺን አንዲት ነገር፣ ማለትም መኪኖች ያለ ምክንያት የቆሙ ከመሰለህ ምክንያቱ ከፊታቸው እየተሻገረ ነው የምትለዋን፣ ከአስር ህግ በላይ ደጋግሞ መንገር ያዋጣል።

የብስክሌት መንገዱም አለ። በኮሪደሩ የተሰሩት የብስክሌት መስመሮች ላይ ሞተር ሲሄድባቸው ማየት አዲስ አይደለም፣ አንዳንዴም የእግረኛው ላይ ይወጣሉ። ድምፅ የሌላቸው የኤሌክትሪክ ሞተሮች፣ እንደ ዶዳይ ያሉት፣ እየበዙ ሲመጡ ደሞ እግረኛው ከኋላው ሞተር እየመጣ እንደሆነ በጆሮው የሚያውቅበት መንገድ ይጠፋል። በነዳጅ ሰልፍ የሚጠፋውን ሰዓት ማስቀረታቸው ትልቅ ነገር ነው፣ አልክድም፣ ግን ድምፁ ሲሄድ ጥሩምባውም ፍጥነቱም አነዳዱም አብሮ መቀየር አለበት።

ትራፊክ ፖሊሱ ምን ያያል ካላችሁ፣ እኔ እስከማየው ድረስ በብዛት ወረቀት ነው። ታርጋ፣ ሊብሬ፣ መንጃ ፈቃድ፣ የማህበሩ መታወቂያ፣ 3ኛ ወገን። ይሄ ከ2011 የመጣ ነገር ይመስለኛል፣ ያኔ ሞተር የፀጥታ ጉዳይ ሆነ፣ ከዛ ወዲህም ብዙም አልወጣም። ሞተረኛ ሲታይ መጀመሪያ የሚመጣው ጥያቄ ማን ነህ ነው እንጂ እንዴት ነው የምትነዳው አይደለም። ውጤቱን ሞተረኛው ላይ ታዩታላችሁ፣ ከሲኖትራክ ይልቅ ትራፊክ ነው የሚፈራው፣ ትራፊክ ከሩቅ ሲያይ ድንገት ይጠመዝዛል፣ በተቃራኒ አቅጣጫ ይገባል፣ ወረቀቱ አንድ ነገር ከጎደለው መብራት ጥሶ ይሮጣል። ወረቀት ያልተሟላለት ልጅ እንዲያዝ መፈለግ ተገቢ ነው፣ ግን በማባረር የሚገኝ ወረቀት የለም።

የሚገርመው ጂፒኤሱ ነው። እንዲገጠም የተደረገው ሌባ ለመያዝ ታስቦ ነው፣ ሆኖም ያቺ መሳሪያ ሞተሩ የት እንደሄደ ብቻ ሳይሆን በስንት ፍጥነት እንደሄደም ታውቃለች። ፍጥነት ለመቆጣጠር በየመንገዱ ራዳር ይዞ የሚቆም ሰው ማሰማራት ውድ ነው፣ ይሄ ግን የተከፈለበት ነው፣ ያውም በሞተረኛው ኪስ። ማህበሩ በየሳምንቱ በጣም የፈጠኑትን አይቶ ቁጭ ብሎ ቢያወራቸው፣ ሳይቀጣ ማለቴ ነው መጀመሪያ፣ ከአንድ ባነር በላይ ይሰራል። ቅጣት ካለም ድንገት መንገድ ላይ ተይዞ ከመደራደር ይልቅ ሁሉም ላይ እኩል የሚደርስ ቅጣት ነው ሰው የሚያከብረው፣ ልጆቹም የሚያማርሩት በቅጣቱ መጠን ሳይሆን ዛሬ ተይዞ ነገ በማለፉ ነው።

ሲወድቅስ? አንዱ ሲወድቅ ሰው ይሰበሰባል፣ አየር ይግባው ብሎ ሄልሜቱን ይጎትታል። ይሄ አደገኛ ነው፣ አንገቱ ተጎድቶ ከሆነ በመጎተቱ ሽባ ሊሆን ይችላል፣ መተንፈስ እስከቻለ ድረስ ሄልሜቱን መተው፣ መስታወቱን መክፈት፣ ማሰሪያውን ማላላትና መንገዱን መከለል ነው የሚሻለው፣ ከዛ የቀይ መስቀልን 907 መደወል። የተሽከርካሪ አደጋ ተጎጂ አስቸኳይ ህክምና የማግኘት መብት በህግ አለው፣ ብር አምጣ ተብሎ በር ላይ መቆም የለበትም፣ ይሄን ሞተረኞቹም ብዙዎቹ አያውቁትም፣ እዚህ ላይ ግንዛቤ ቢሰጥ አልቃወምም።

ከድንገተኛው ክፍል ከወጣ በኋላ ያለው ግን ሌላ ነው። ግዴታ የሆነው 3ኛ ወገን መድን ስሙ እንደሚለው ለሌላው ሰው ነው፣ ራሱ ነጂው ቢሰበር አይከፍለውም። እግሩ የተሰበረ ሞተረኛ ወራት ይተኛል፣ ገቢው በዛኑ ቀን ይቆማል፣ የሞተሩ ባለቤት ደሞ የጥገና ይጠይቀዋል። ለአፑ ልጁ ሰራተኛ አይደለም፣ አጋር ነው የሚባለው፣ አጋር ደሞ የህመም ፈቃድ የለውም። ስለዚህ ማህበሩ ውስጥ ያሉት ልጆች ገንዘብ ያዋጣሉ፣ በዋትሳፕና በቴሌግራም ግሩፕ የባንክ ቁጥር ይለጠፋል፣ ሁለት ሳምንት ያህል ይጠይቁታል፣ ከዛ እነሱም ስራ አለባቸው። ልጁ ሳይድን ነው የሚመለሰው፣ እግሩ ውስጥ ብረት እያለ ማርሽ የሚቀይር ሰው አለ ይቺ ከተማ ውስጥ፣ የኋላ ፍሬን የሚረገጠውም በእግር እንደሆነ አትርሱ።

የግል አደጋ መድን የሚባል ነገር እኮ አለ፣ መድን ድርጅቶች ለግንባታ ሰራተኛም ለተጓዥም በቡድን ይሸጡታል። አንድ ልጅ ብቻውን ሄዶ ቢጠይቅ ሊወደድበት ይችላል፣ ማህበር ወይም አፕ መቶና ሁለት መቶ ሰው ይዞ ሲደራደር ግን ሂሳቡ ሌላ ይሆናል። ከእያንዳንዱ ትዕዛዝ ላይ ጥቂት ብር ተቆርጦ ለዚሁ ቢውል ለደንበኛው ብዙም አይታየውም፣ ማሸጊያ ብለው ከሚያስከፍሉን የስታይሮፎም ዋጋ ሊያንስ ሁሉ ይችላል። መድን ድርጅቱ ደሞ ኪሱን ስለሚያመው ራሱ ሄልሜቱን መፈተሽ፣ ፍጥነቱን ማየት፣ ብዙ ሰዓት የሚነዳውን መለየት ይጀምራል፣ አፑም ብዙ ልጅ የሚወድቅበት ከሆነ ክፍያው ስለሚጨምርበት ሬስቶራንቱን ሂድና ሀያ አምስት ደቂቃ አታስቁምብኝ ብሎ የሚጣላ ሌላ ሰው ይኖራል ማለት ነው፣ እስከዛሬ ያንን ጠብ የሚጣላው ሞተረኛው ብቻውን ነበር።